መናገሻዋ መጓዝ ካቆመች ወዲህ

በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ልትለቀቅ ምንም አልቀራት ነበር። በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው ጫካ ተመንጥሮ ማገዶ ከሩቅ መምጣት ስለጀመረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሆለታ ወዲያ ባለ ስፍራ ሌላ መናገሻ ለመቆርቆር አሰቡ። ስፍራው አዲስ ዓለም ተባለ፤ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀመረ፤ ከአዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድም ተጠረገ። ይሁን እንጂ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ተደላድለዋል፤ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በድንጋይ ገንብተዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገባው ባሕር ዛፍም ፈጥኖ አድጎ ለማገዶ ደርሷል። ለአዲስ ዓለም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቀረላት፤ አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች።

ይህ ውሳኔ በታሪካችን ከሚነገርለት በላይ ትልቅ ነው። ፋሲል በ1628 ገደማ ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የነገሥታቱ መናገሻ ለብዙ ዘመን የድንኳን ከተማ ነበረች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን መጥተው የጻፉት ፖርቱጋላውያን፣ በተለይም ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያችን ተጓዥ ከተማ በዝርዝር ተርከዋታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ድንኳኖች ሲተከሉ የንጉሡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የዳኞቹና የመሳፍንቱ ቦታ ሁልጊዜ የታወቀ ነበር። ገበያውም የራሱ የተመደበ ሥፍራ ነበረው። ከተማው የተሠራው ከጨርቅ ቢሆንም እህሉ የት እንደሚሸጥ ግን በሥርዓት የተወሰነ ነበር ማለት ነው።

ያች ከተማ የምትበላው ካረፈችበት አገር ነው። ግጦሹ ሲመለጥ፣ ጫካው ሲያልቅ፣ የባላገሩ ጎተራ ሲራቆት ድንኳኑ ይነቀላል። ሠፈሩ ወዳልተነካ ምድር ይሄዳል፤ የተነካው ምድር ገበሬ ደግሞ ከባዶ ጎተራው ጋር ይቀራል። መጓዙ ለቤተ መንግሥቱ መፍትሔ ነበር። ለመሬቱም በግማሽ ዕረፍት ነበር፤ የተለቀቀው አገር ጥቂት ዓመታት ተኝቶ ያገግማል። ለገበሬው ግን ከጥፋት የሚለይ አልነበረም።

በአንጻሩ ሐረርን ልብ ይሏል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጠሩት ጀጎል ከተማዋን ከአንድ ስፍራ ጋር አስሯታል፤ መነሳት አማራጭ አልነበረም። የሐረር ሰዎች ከግንቡ ውጭ ቡና፣ ጫት፣ ፍራፍሬና ማሽላ የሚያፈራ የእርሻ ቀለበት ነበራቸው። ከዙሪያው የኦሮሞ ገበሬዎች የሚመጣው ምርት በአምስቱ በሮች ይገባ ነበር። ግንኙነቱ ሁልጊዜ ሰላማዊ ነበር ማለት አይደለም፤ ግብርም ግጭትም ነበረበት። ግን ሐረርን ምዕተ ዓመታት ያሻገራት አንዱ ነገር በአካባቢዋ ያለውን ማሳ የከተማዋ አካል አድርጋ መያዟ ይመስለኛል። ከጀጎል አጥር ብዙ ስንማር ከጀጎል ማሳ ግን ያነሰ ነው የወሰድነው።

አዲስ አበባ በ1879 ተመሥርታ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት ክፉ ቀን መጣ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን በሬ ጠራርጎ ወሰደ። ድርቅና አንበጣ ተከተለ። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ማሳው ዳዋ በለበሰበት በዚያ ዘመን ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። በእጅ መቆፈርን እንደ ውርደት ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ ከማናቸውም አዋጅ የበለጠ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ተከፍቶ ለረሃብተኛ ተሰጠ። በዚያው ሰሞን አሥራት ተደነገገ፤ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን እንዲያስገባ፣ ሠራዊቱም ከጎተራ ቀለብ እንዲሰፈርለት ታሰበ። አፈጻጸሙ በየስፍራው ሲጎድል የኖረ ቢሆንም ሐሳቡ ጥልቅ ነበር፤ ረሃብን ካዩ በኋላ የመጣ፣ በላተኛውንና አምራቹን በሚታወቅ መጠን ያገናኘ ሐሳብ ነው።

ሕዝብ የሚያስታውሰው ግን አሥራቱን ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን የግብር ማዕድ ነው። በአዳራሹ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ በተራ እየገባ ይበላና ይጠጣ ነበር። ከዚያ ማዕድ በስተጀርባ የቤተ መንግሥቱን እርሻ፣ ሁዳድን፣ የሚያርሱ፣ ለማድ ቤት በተመደቡ መሬቶች ላይ ማርና እህል የሚገብሩ ባላገሮች ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ የገባ የቤተ መንግሥቱን ቸርነት ያያል። የሁዳዱ አራሽ እዚያ አይታይም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህን ሥዕል ደጋግመን እናገኘዋለን፤ ያበላው ይታወቃል፣ ይመሰገናል፤ ያመረተውና ያጓጓዘው ግን ከማዕዱ ዕይታ ውጭ ይቀራል።

ማገዶውን ባሕር ዛፍ ተወጣው። እህሉ ግን በነጋዴ፣ በበቅሎና በአህያ እጅ ቀረ። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደራ፤ ገበያውንና ቀረጡን እንደ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ያሉ ሹማምንት ይቆጣጠሩት፣ የነጋዴንም ክርክር ይዳኙ ነበር። በ1909 የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ዕቃ በዛ፤ ጤፉና ቅቤው ግን ከአዳ፣ ከበቾ፣ ከምንጃርና ከሱሉልታ መምጣቱን ቀጠለ። ፋሺስት ጣሊያን በወረራው ዘመን ከተማዋን በዘር ሲከፋፍል ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የዚያ ውሳኔ ልጅ ናት። እህል በረንዳ፣ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ እያልን የምንጠራቸው ስፍራዎች በወራሪ እጅ ተመድበው፣ በነጋዴው ብልሃት ግን የኛ ሆኑ።

ከነጻነት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ሕጋዊ መልክ ሲይዝ ገበያን፣ ቄራንና ጽዳትን ተረከበ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የአዲስ አበባ ቄራ እስከዛሬ ከምናያቸው የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች አንዱ ነው። ያኔ የከተማ አስተዳደር ስለ ምግብ ያለው ግንዛቤ በጽዳትና በቀረጥ ያበቃ ነበር፤ ሥጋው እንዳይበክል፣ ነጋዴው እንዲከፍል። ገበሬው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ፣ ደሃው በምን እንደሚገዛ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ሆኖ አልተቆጠረም። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ በ1965 ታየ። ከወሎ በእግራቸው ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ረሃብተኞች በፖሊስ ተመለሱ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት፣ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። አንድ ሥርዓት በገዛ ማዕዱ ተከሶ ወደቀ።

የመጣው የደርግ መንግሥት ከዚያ ምስል የወሰደው ትምህርት ከተማ ተርባ ማየት እንደሌለባት ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሱቅ መጣ። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ሌሊት ተነስቶ ሰልፍ መያዝን፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ተራ የሚጠብቅ ድንጋይና ዘንቢልን፣ በካርዱ ላይ የሚመታውን ማኅተም፣ ስኳሩ ሲያልቅ የሚሰማውን ማጉረምረም አይረሳም። ያ ሱቅ በብዙ ጎኑ የሚነቀፍ ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው። እያንዳንዱ ቀበሌ ስንት ቤተሰብ እንዳለው፣ በእያንዳንዱ ቤት ስንት አፍ እንዳለ የሚያውቅ የአካባቢ አስተዳደር ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የከተማ አስተዳደር የነዋሪውን ማዕድ ያን ያህል ቀርቦ ያወቀበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ያን ሱቅ የሚሞላው እህል ግን የመጣው ከኮታ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተቆረጠ፣ ከገበያው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይወስድ ነበር። ኮታውን የሚሞላ ምርት ያጣ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም በበቾና በጎጃም አሉ። ኬላ ላይ ሴቶች ጤፍ በልብሳቸው ሸሽገው ያሳልፉ ነበር። የከተማው ርካሽ እንጀራ የተከፈለው ከገበሬው ኪስ ነበር፤ ገበሬውም የሚችለውን አደረገ፤ ለኮታ የማይወሰድ ያህል ብቻ አመረተ። በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ኮታው ተነሳ። ኬላው ተከፈተ፣ የቀበሌው ሱቅ ደከመ፤ ከስህተቱ ጋር የነዋሪውን ማዕድ የማወቅ ችሎታም አብሮ ተጣለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከተማዋን ለነጋዴው ለቀቋት። ነጋዴው ከተማዋን አብልቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ግን ሁለት ነገሮች ሳይታዩ ተከማቹ። አንደኛው ቁጥር ነው። በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 2.7 ሚሊዮን ደረሰ፤ እድገቱም ከዚያ ወዲህ አላቆመም። ሁለተኛው መሬት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲዘረጋ የተነጠፈበት መሬት ባዶ ሜዳ አልነበረም። ስንዴ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት፣ ወተት ወደ ከተማ የሚላክበት ማሳ ነበር። አባወራው ካሳውን ተቀበለ፤ ካሳው በጥቂት ዓመት አለቀ፤ ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ በተሠራ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ድንኳን ነቅላ የምትሄደው መናገሻ የምታርፍበትን አገር ታራቁት ነበር ብለናል። ያች ከተማ ግን ቢያንስ ትሄድና መሬቱ ያገግም ነበር። የኛዋ አትሄድም፤ የሸፈነችውም መሬት ተመልሶ አያፈራም።

ዛሬ ያለው ምዕራፍ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ተስፋም ሥጋትም አለበት። በጎ ፈቃደኞች በጥቂት ትምህርት ቤቶች የጀመሩትን ተማሪ የመመገብ ሥራ የከተማ አስተዳደሩ በ2012 የትምህርት ዘመን ተረከበው። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበላሉ። ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ያለፈ ሰው የመጋቢ እናቶችን ድስት፣ የምስሩን ሽታ፣ ሳህን ይዞ የተሰለፈውን ልጅ ያያል። በባዶ ሆዱ መጥቶ ክፍል ውስጥ ራሱን ይስት የነበረ ልጅ ዛሬ ደብተሩን ያያል። በዘመናችን የአንድ ከተማ አስተዳደር ከሠራው ሁሉ በታሪክ ሚዛን የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። በእሁድ ገበያም መንገዶች ተዘግተው አምራቾችና ዩኒየኖች ለሸማቹ በቀጥታ ይሸጣሉ፤ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየወረዳው አሉ።

እንዲያም ሆኖ አሮጌው ሥዕል አለቀቀንም። ልጁ ሲበላ እናያለን፤ ምስሩ ከየትኛው ገበሬ፣ በምን ዋጋ እንደተገዛ ግን አብዛኞቻችን አናውቅም። ከፒያሳ አትክልት ተራ በወረርሽኙ ሰሞን፣ በ2012፣ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረውን የአትክልት ገበያ ገና ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ማየት ነው። ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ የመጣ ቲማቲም በሳጥን ይወርዳል። ገበሬው ወይም ወኪሉ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። ሳጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዋጋው ይጨምራል፤ ረፋዱ ላይ በየሠፈሩ ጉልት ላይ በመደብ ሲደረደር ገበሬው ካገኘው ጋር አይተያይም። ያን መደብ የምትሸጠው እናት ደግሞ ላስቲኳን ጠቅልላ ከደንብ አስከባሪ ትሮጣለች። የተጨፈለቀውና የረገፈው ጎመን መሬት ላይ ይቀራል፤ ተጭኖም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። የከተማዋ ቆሻሻ አብላጫው የሚበሰብስ ነው፤ ማለትም ከማሳ የመጣና ወደ ማሳ ሊመለስ የሚችል ነገር። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ሲቀብር የተናደው ክምር ለአሥርት ዓመታት ማሳው ያጣው ለም አፈር ጭምር ነበር።

ሌላም አለ። ከተማዋ ውስጥ በአቃቂና በቀበና ወንዞች ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነበሩ። ለከተማዋ ከሁሉ የቀረቡት ገበሬዎች እነሱ ናቸው። ወንዙ ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መሄጃ ሆኖ በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች እየተገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። የሚቀርበው መልስ ብዙ ጊዜ ገበሬውን ከወንዙ ማራቅ ነው። ፍሳሹን ከወንዙ ማራቅ ግን የማዘጋጃ ቤት የዘወትር ሥራ ነው፤ ከቄራው ዘመን ጀምሮ የተቀበለው አደራ ነው።

የሌሎች ከተሞች ተሞክሮ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የብራዚሏ ቤሎ ሆሪዞንቴ እ.ኤ.አ. በ1993 ምግብን የሚመለከት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት በከንቲባዋ ፓትሩስ አናኒያስ ዘመን አቋቋመች። ከተማዋ ለነጋዴ ጥሩ ቦታ በርካሽ ታከራያለች፤ በምላሹ ነጋዴው የተወሰኑ አትክልትና ፍራፍሬዎችን በተቆረጠ ዋጋ ይሸጣል፣ ወደ ደሃ ሠፈሮችም ይሄዳል። አነስተኛ ገበሬዎችም ያለ ደላላ የሚሸጡበት ቦታ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የብራዚል ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚውለው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛበት ደነገገ። እዚያ የልጁ ሳህንና የገበሬው ውል አንድ ሰነድ ላይ ተጻፉ። በኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2008 ከመቶ የሚበልጡ ከተሞች ሚላን ላይ የምግብ ቃል ኪዳን ፈርመዋል፤ አዲስ አበባም ከቃል ኪዳኑ ከተሞች አንዷ ናት።

ይሁንና አዲስ አበባ ብቻዋን የማትወጣው ነገር አለ። በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በ2015 ሸገር ከተማ ተብለው በኦሮሚያ ሥር ተዋቅረዋል። ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከገላን የሚመጣው ወተትና አትክልት የሚሻገረው የአስተዳደር ወሰን ነው። በድሮው ዘመን መናገሻዋና ባላገሯ በግብር ይተሳሰሩ ነበር፤ በደርግ ጊዜ በኮታ። ዛሬ የሚያስተሳስራቸው በጋራ የተፈረመ የመሬትና የገበያ ስምምነት መሆን አለበት። በከተማዋ ዙሪያ ባለው የእርሻ ቀለበት ውስጥ የትኛው ማሳ ለእርሻ ተጠብቆ እንደሚቆይ፣ ለሱሉልታ ወተት የማቀዝቀዣ ማዕከል የት እንደሚተከል፣ ከከተማዋ የሚወጣው ብስባሽ በማን ተሽከርካሪ ወደ የትኛው ማሳ እንደሚመለስ ሁለቱ አስተዳደሮች ተቀምጠው ሊወስኑት ይገባል። ከዚህ በፊት ስለ ወሰን የተነሳው ጠብ ደም አፍስሷል። ማሳውን ለመጠበቅ የሚደረግ ንግግር ከዚያ ጠብ የተለየ መነሻ ሊሆን ይችላል ብዬ በቅንነት አምናለሁ፤ ገበሬው ሊነሳ የሚገባው ሳይሆን የሚፈለግ ሰው ሆኖ የሚቀርብበት ንግግር ነውና።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሆንም። ከሁሉ የሚቀለውና ፈጥኖ ሊጀመር የሚችለው የትምህርት ቤቶቹ ግዢ ነው። ከተማ አስተዳደሩ በየዓመቱ ለመቶ ሺዎች ልጆች ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ እንደሚፈልግ ቀድሞ ያውቃል፤ የቀበሌው ሱቅ የነበረው ያ የማወቅ ችሎታ በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ነው። በዚያ መጠን ላይ ተመሥርቶ ከአዳ፣ ከበቾና ከምንጃር ዩኒየኖች ጋር ወጪን የሚሸፍንና ትርፍ የሚተው ዋጋ ያለበት ውል ቢፈርም፣ ገበሬው ገዢውን አውቆ ይዘራል፤ እንደ ኮታው ዘመን ተገዶም እንደ ዛሬው ተጠራጥሮም አይዘራም። ውሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከዘር በፊት ሲፈረም ነው። በበቾና በአዳ ጥቁር አፈር ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ የአዲሱ በጀት ዓመትም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ የምገባው ግዢ ከግንቦት ሳያልፍ በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ይኖርበታል።